ሥርወ ቃል፦ በቀልድና በሳይንስ መካከል

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለመውጣት የሚፈልግ ተማሪ ታክሲ የሚጠብቅበትን ስፍራ «ፌርማታ» ይለዋል። ለምን ቢባል ቀልደኛው «እስከ ማታ ስለሚጠበቅበት ነዋ!» ይላል። «መርካቶ»ም ገዥ የሚረካበት፣ «ባሕር ዛፍ»ም ባሕር የሚያህል ውኃ የሚጠጣ ዛፍ እንደሆነ ያስረዳናል። ለቃላት እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ መፍጠርን የቀልድ ሥርወ ቃል ልንለው እንችላለን። ስቀን ብናልፈው ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ሥርወ ቃል እንደ ማንኛውም ሳይንሳዊ መላምት ሊፈተን ይገባዋልና በሦስት ጥያቄዎች እንመዝነው።

አንደኛ፦ ማብራሪያው ቃሉን በሙሉ ይሸፍናልን? «ማታ»ን ብንወስድ «ፌር» ያለ ዘመድ ይቀራል። በ«መርካት» ላይ የተቀጠለችው «ኦ»ስ ከየት መጣች? «መብላቶ» ወይም «መጠጣቶ» የሚባል ሰፈር የለንም።

ሁለተኛ፦ ማብራሪያው ለወንድም ቃላቱም ይሠራልን? ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ መጠጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን በአንዳንድ አካባቢ በቆሎን «የባሕር ማሽላ» የሚሉት ሰዎች የእህሉን ጥማት መግለጻቸው አይደለም። የበቆሎ ጥንተ አገሩ አሜሪካ፣ የባሕር ዛፍ ደግሞ አውስትራሊያ ነው። ስለዚህ «ባሕር» በሁለቱም ስም ውስጥ «ከባሕር ማዶ የመጣ» የሚለውን ያመለክታል። የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር።

ሦስተኛ፦ ታሪክ ይመሰክርለታልን? በጣሊያንኛ «ፌርማታ» መቆሚያ፣ «መርካቶ» ገበያ፣ «ፒያሳ» አደባባይ ማለት ነው። «ካዛንቺስ»ም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ ተቋም ምሕጻረ ስም የወጣ ነው። እነዚህ የሰፈር ስሞች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ በከተማዋ ላይ የተወው አሻራ ናቸው።

አሁን ወደ ጉለሌ እንምጣ። «ከከተማዋ በላይ እንደ ጉልላት ጎልቶ ስለሚታይ ጉለሌ ተባለ» የሚል ሰው ቢነሣ ብዙዎቻችን ሳንስቅ ልናምነው እንችላለን፤ መልክዓ ምድሩም ድምፁም ይመስላልና። በሦስተኛው ጥያቄ ሲፈተን ግን ይወድቃል። ጉለሌ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት በዚሁ ምድር ይኖሩ የነበሩት እነርሱ ናቸው። ስሙን ከጉልላት ብናዛምደው ቃሉ ተሸክሞት የኖረውን የሕዝብ ትዝታ እንፍቃለን። በፌርማታ ስንቀልድ የሚጎዳ የለም፤ በጉለሌ ላይ ቀልዱ እንደ እውነት ከተቆጠረ ግን የአንድ ሕዝብ ታሪክ ይጎድላል።

ለመልመጃ ያህል፦ «መኪና» የሚለው ቃል መኮንንን «መኪ፣ ና!» ብሎ ከመጥራት የመጣ ነው የሚል ቢያጋጥማችሁ «ጎማ»ን፣ «ካምቢዮ»ንና «ፍሪሲዮን»ን ከጎኑ አሰልፋችሁ በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑት።