ርካሹ ኡራል የሚወደደው በመስከረም ነው

በ1969 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን የቡና እጥረት ገጥሟት ከደርግ መንግሥት ጋር ተዋዋለች። እነርሱ መሣሪያና የጭነት መኪና፣ እኛ ደግሞ ቡና። ውሉ ብዙ አልዘለቀም፤ ኢትዮጵያ ሳይቆይ የቡናዋን ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ጠየቀች። ኢፋ የተባለው መኪና ግን ከሶቪየቶቹ ኡራልና ዚል ጋር በአገራችን መንገድ ላይ ቀረ። በቡና የተገዛው መኪና ዛሬ ቡና ሲጭን ባለቤቱን ያዋጣዋል ወይ? መልሱ ያለው በመኪናው ዋጋ ላይ አይደለም።

ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚገባው መንገድ አስፋልት ነው፤ በእሱ ላይ አይሱዙ ይበቃል። የድሮ ወታደራዊ መኪና የሚፈለገው ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ከማሳ እስከ እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ባለው ጭቃ ነው። በሚዛን፣ በበበቃና በቴፒ ቆላማ ቦታዎች እሸቱ መድረስ የሚጀምረው ዝናቡ ሳይወጣ፣ በመስከረም ግድም ነው። መንገዱ የሚከፋውና ጭነቱ የሚበዛው በአንድ ወቅት ነው ማለት ነው።

እስቲ እናስላ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። አምስት ቶን እሸት የጫነ መኪና ወደ 830 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይዟል። እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ውስጥ ካደረ ይፈላና የታጠበ ቡና ደረጃውን ያጣል። ነጋዴው የሳምንቱን የታጠበና የጀንፈል ዋጋ ልዩነት በ830 ያባዛ። አንድ ሌሊት ጭቃ ውስጥ የማደር ዋጋ ያ ነው፤ የተጓደለው ቢያጆና የጎታች ኪራይ ገና አልተደመረም።

እነዚህ መኪኖች ደካማ ሆነው አይደለም። የተሠሩት ግን ለጦር ሠራዊት ነው። ሠራዊት መካኒክ፣ የመለዋወጫ መጋዘንና በየቀኑ «አይተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ አለው። ነጋዴው መኪናውን ሲገዛ እነዚህን አይገዛም። ስለዚህ ራሱ መተካት አለበት፤ አብዛኛውም ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ልማድ የሚጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ውኃ። እርጥበት በሚበዛበት አገር በፍሬን አየር ማጠራቀሚያ ጋኖች ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ አየሩ ሳይወርድ፣ ማፍሰሻውን ከፍቶ ማስወጣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በኡራል ላይ አየሩ የሚገፋው የፍሬን ዘይት ስለሆነ ሁለቱንም ማየት ያሻል፤ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ቢጎድል ፍሬኑ አይሠራም። ቡና ጭኖ ወደ ጎጀብ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ይህን እዚያ ላይ ባያውቀው ይሻላል።

ውኃ በናፍጣም ይገባል፣ በተለይ ናፍጣው በበርሜል የሚመጣ ከሆነ። የፊልትሮውን ሥር ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ፣ መኪናው ሲያድር ታንኩን ሞልቶ ማሳደር ይጠቅማል። ባዶ ቦታ ባለው ታንክ ውስጥ ሌሊት ጤዛ ይሠራል። ይህን የናቀ ሰው ኋላ የናፍጣ ፖምፓ ይገዛል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ዲፈረንሻሉን ነው። በሥራ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲጨማደድ ከውጭ ይስባል። ላዩ ላይ ያለችው ትንሿ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች የሚስበው በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ነው፣ የሚስበውም ውኃ ነው። ከወንዝ በኋላ ብሎኑን ላላ አድርጎ ጥቂት ዘይት ማየት ነው። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ያ ዘይት አልቆለታል፤ ኩሽኔታውና ጥርሱ ሳይበሉ መቀየር አለበት። መተንፈሻዋን መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

ግሪስም እንዲሁ። መኪናው ከታጠበ በኋላ፣ አሮጌው ግሪስ ከነጭቃው እስኪወጣ ድረስ አዲሱን መግፋት ነው። ሳይታጠብ መቀባት ጭቃን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

የጎማ ነፋስ ከጋቢና መቀነስና መጨመር የሚችሉት መኪኖች በጭቃ ላይ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን ሾፌሩ ነፋሱን ቀንሶ ከጭቃው ከወጣ በኋላ ሳይሞላ አስፋልት ላይ ቢሮጥ ጎማው በሙቀት ይበላሻል። ለጭቃ የታሰረው ዲፈረንሻልም አስፋልት ላይ ሳይፈታ ከቀረ የኃይል ማስተላለፊያውን ይጎዳል። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ይህ ስህተት ቀላል ሆኗል፤ ጭቃና አስፋልት በአንድ ቢያጆ ይገናኛሉና።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ይነሳል። ሾፌሩ የሚከፈለው በቢያጆ ከሆነ ቆሞ መኪና የሚፈትሽበት ምክንያት የለውም፤ የቆመበት ሰዓት ከኪሱ ይወጣል። ብልሽቱ ግን የባለቤቱ ነው። የፍተሻ ቀንን እንደ ሥራ ቀን መክፈል፣ ለሾፌሩና ለረዳቱ ደብተር ሰጥቶ የፈሰሰውን፣ የተቀየረውንና የተቀባውን በቀን ማስጻፍ ያስፈልጋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሞተበት መኪና ብዙ ስለሆነ ዘይት መቀየሪያው በቀንና በሥራ ሰዓት ቢቆጠር ይሻላል።

ትልቁ ሥራ የሚሠራበት ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ያኔ መኪናው ሥራ ስለሌለው ማቆሙ ብዙ ገቢ አያስቀርም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስለሚመጣ በመስከረም ማዘዝ ዘግይቶ ማዘዝ ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው ኡራል 375 በቤንዚን የሚሄድ ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር ይጠጣል፤ በየትኛውም ሂሳብ አያዋጣም። ኡራል 4320 የካማዝ ናፍጣ ሞተር አለው። ይህ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለየ ቴስታታ ስላለው አንዱ ቢያስቸግር ሌላውን ሳይነኩ ይጠግኑታል። የኢፋ ደብልዩ 50 ምርት ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ቆሟል። ኢፋ የሚገዛ ሰው ለመለዋወጫ የሚፈታ ሁለተኛ፣ የሞተ ኢፋ አብሮ ቢፈልግ ይበጀዋል፤ የእሱንም ዋጋ ከመጀመሪያው መኪና ዋጋ ላይ ይደምር።