የመደብር ሰርቨር ሲቆም ጉድለቱን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

የዕቃ መዝገቡን፣ የዱቤ ሒሳቡንና የሽያጩን ደረሰኝ በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ፣ በመደብሩ ከአንድ በላይ የሥራ ጠረጴዛ ካለው፣ መዝገቡ ሁሉ በአንድነት የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒዩተር ያስፈልገዋል። ይህንንም ባለሙያዎች ሰርቨር ይሉታል፤ ትርጓሜው አገልጋይ ማለት ነው። የገንዘብ ተቀባዩ፣ የመጋዘን ጠባቂውና የሒሳብ ሹሙ ኮምፒዩተሮች የሚሹትን በሽቦ ይጠይቁታል፣ እርሱም ይመልስላቸዋል። አገልጋዩ ዝም ባለ ቀን ግን ጌቶቹ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። የገበያ ቀን ከሆነማ ገዢው በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሳለ በመጋዘን ስንት ኩንታል እንደ ቀረ፣ ባለ ዱቤውም ምን ያህል እንዳለበት የሚናገር አይገኝም።

መዝገቡን በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ አገር ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ድካም ያሳርፋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በብዙ ስፍራ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ መዝገቡ በሩቅ ብቻ የተቀመጠ ነጋዴ የገዛ ሒሳቡን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ በእኛ አገር ሰርቨርን በቤት ማኖር የሚሻል ይመስለኛል። ይህን የመረጠ ሰው ግን ጥበቃውንም አብሮ መቀበሉን ሊያውቅ ይገባል።

ሰርቨሩ ቆመ በተባለ ጊዜ በየቤቱ አስቀድሞ የሚደረገው አጥፍቶ ማብራት ነው። ይህ ልማድ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ በተሳካም ጊዜ ምክንያቱን ሸፍኖ ስለሚያልፍ ያው ችግር በሌላ ቀን ይመለሳል። ከዚህም ሌላ መዝገብ በሚጽፍበት ሰዓት በድንገት የጠፋ እንደ ሆነ የተጻፈው ሊበላሽ ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ሥራ የፈታው አንድ ጠረጴዛ ነው ወይስ ሁሉም ናቸው? የሚለው ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ኮምፒዩተር ወይም በሽቦው ላይ ነውና ሰርቨሩን መንካት አያስፈልግም። ሁሉም ከሆኑ ሽቦዎቹ ወደሚገናኙበት፣ ስዊች ወደሚባለው ሣጥን መሄድ ነው። በእያንዳንዱ ሽቦ መሰኪያ አጠገብ ትንሽ መብራት አለች። እርሷ ከጠፋች ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይም ወልቋል፣ ወይም በወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒዩተር ጠፍቷል። እህል በሚከማችበት ቤት አይጥ ሽቦን እንደማትምር ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ሽቦውም ልክ አለው። የመዳብ ሽቦ ከ100 ሜትር በላይ ሊዘረጋ አይገባም። ከመደብሩ ወደ ሌላ ሕንጻ፣ ለምሳሌ ወደ ጓሮ መጋዘን የሚዘረጋው ግን ርቀቱ ያነሰ ቢሆን እንኳ ፋይበር የተባለው፣ ብረት የሌለበት የመስተዋት ክር ቢሆን ይመረጣል። መዳብ የመብረቅን ኃይል ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ያሻግራል፤ መስተዋት አያሻግርም። የጉናን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ወጪ ከንቱ አይመስለውም።

መብራቷ እየበራች ሥራው ካልሄደ ቀጥሎ የሚመረመረው አድራሻ ነው። በመረቡ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ የሰርቨሩ ቁጥር 192.168.1.10 ሊሆን ይችላል። የገንዘብ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ቁጥር በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ከተገኘ፣ ቁጥር የሚያድለውን መሣሪያ ስላጣ ለራሱ ቁጥር ሰጥቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ሰርቨሩን መጥራት ነው። በቁጥሩ ሲጠሩት መልሶ በስሙ ሲጠሩት ዝም ካለ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ታውኳል። በሁለቱም መልሶ የሒሳቡ ፕሮግራም ብቻ እምቢ ካለ፣ ያን ጊዜ ወደ ሰርቨሩ መቅረብ ይገባል፤ በዚያም አስቀድሞ ዲስኩ ሞልቶ እንደ ሆነ ይታያል። አንዳንድ ሰርቨር ለጥበቃ ሲባል ለፒንግ እንዳይመልስ ስለሚደረግ፣ ይህን ጥሪ በደኅናው ቀን ሞክሮ መልሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ መጥፋቱን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ዩፒኤስ የተባለውን ባትሪም ብዙዎች ገዝተዋል። ነገር ግን ይህ ባትሪ የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፤ እነዚያም ደቂቃዎች ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ሥራን ለመቀጠል የተሰጡ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። በሰርቨሩ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ትንሽ ባትሪ አለች፤ እርሷ ስትደክም ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር የሰርቨሩ ሰዓትና ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። በዊንዶውስ ሥርዓት በአንድ ዶሜይን በተደራጀ መረብ፣ የሰርቨሩና የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ የተለያየ እንደ ሆነ፣ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር መግባት ይከለከላል። በዚህን ጊዜ ሠራተኛው የምስጢር ቃሉ የተለወጠበት ይመስለዋል።

ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት የራሱ የውሎ መዝገብ አለው፤ ይህንም ሎግ ይሉታል። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የምንለውን እርሱ 09:10 ብሎ ይጽፋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሰናዳ ከሆነም 06:10 ይላል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጉድለቱን በተሳሳተ ሰዓት ይፈልገዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ሐምሌ 1 በእርሱ ዘንድ ጁላይ 8 ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በዚህ ብርድ ሰርቨር አይግልም የሚል ወሬ ይሰማል። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የሰርቨር ፋብሪካዎች ከ900 ሜትር በላይ ለሚጨመረው ለየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በባሕር ዳርቻ እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር በደብረ ታቦር 29 ብቻ ይፈቀድለታል ማለት ነው። በተዘጋች ትንሽ ክፍል፣ የእህል ብናኝ በአየር ማራገቢያው ላይ ከተጋገረ፣ ወደዚህ መድረስ አይከብደውም። ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚያነብበት ጫፍ በስስ አየር ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ፣ ለአብዛኞቹ የተፈቀደው ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ይህ ለደብረ ታቦር ይበቃል። ነፋስ መውጫ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናትና፣ በዚያ ቅርንጫፍ የሚከፍት ነጋዴ ኤስኤስዲ የተባለውን፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለበትን ዲስክ ቢገዛ ይሻለዋል። የአዲስ አበባው ሻጭ ይህን ላይነግር ይችላል፤ ገዢው ይጠይቅ።

ደኅና ሲሠራ የነበረ ሰርቨር ለውጥ በተደረገበት ማግስት መታመሙም የተለመደ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩም ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ይካሄድ የነበረ የማሻሻያ ሥራ መሆኑን አስታውቆ፣ ያለ አግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ሆነ ገለጸ፤ አብዛኛውንም በኋላ አስመልሷል። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ቤት በለውጥ ጊዜ ከተቸገረ፣ በእኛ መደብር ፕሮግራም የሚያድስ ሰው በገበያ ቀን ሊጀምር አይገባውም። መደብሩ ከተዘጋ በኋላ፣ የመዝገቡን ቅጂ አስቀድሞ ወስዶ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው፣ ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው፣ ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በጸሐፊነት በምሠራበት መደብር ለዚህ የሚሆን የወረቀት ደብተር ከሰርቨሩ አጠገብ በገመድ ታስሮ ይኖራል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የታየው፣ የተደረገውና ያደረገው ሰው ስም ይጻፍበታል። ወጣቶቹ ሠራተኞች ወረቀቱን ይስቁበታል፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ ግን የሚነበበው እርሱ ብቻ ነው።

ቅጂውን በተመለከተ፣ አንዱ በመደብሩ፣ አንዱ ከመደብሩ ውጭ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር ወይም በወረታ ባለ ዘመድ ወይም ሸሪክ ዘንድ፣ በምስጢር ቃል ተቈልፎ መቀመጥ አለበት። በመደብሩ ያለውም ቅጂ ከተወሰደ በኋላ ከሰርቨሩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ መዝገብን ቈልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ክፉ ፕሮግራሞች ተሰክቶ ያገኙትን ቅጂ አብረው ይቈልፉታልና። የሰርቨሩ የምስጢር ቃል በአንድ ሠራተኛ ራስ ውስጥ ብቻ እንዳይኖር፣ በታሸገ ፖስታ በካዝና ይግባ። ቅጂው ደኅና መሆኑ የሚታወቀው መልሶ በመክፈት ብቻ ስለሆነ፣ በየሦስት ወሩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ፣ የአንድ ቀን ሽያጭ ድምር ከዚያው ቀን የደረሰኝ ቅሪት ጋር ይመሳከር፤ ልክ ሆኖ ሲገኝም ቀኑ በደብተሩ ይመዝገብ።