መጀመሪያ ትንሿን ሥሪ

ቆይ እስኪ፣ እሱን መጽሐፍ ለጊዜው ዝጊው። መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጄራርድ ቢክማንስ በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» ብዙ ሰው አስተምሯል፣ እኔንም ጭምር። ግን እዚህ ዋጃ ላይ ሆነሽ፣ በዚህ ላፕቶፕና በዚህ መብራት፣ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ አይሁን። ሰማንያ የሚያህሉ ጥቅሎችን ተራ በተራ ኮምፓይል ያስደርግሻል። ጊዜውንም በደቂቃ አይነግርሽም፤ ቢንዩቲልስ የሚባለው የመጀመሪያው ጥቅል በአንቺ ማሽን ላይ የፈጀው ጊዜ አንድ መለኪያ ይሆንና ሌላው ሁሉ በእሱ ይሰላል። የሰው ማሽን ፍጥነት ከቤት ቤት ስለሚለያይ ብልህ አለካክ ነው። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ብቻውን ከነፈተናው ከ40 መለኪያ በላይ ይበላል። አንዱ መለኪያ አንቺ ጋ ሩብ ሰዓት ቢሆን ከ10 ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ለአንድ ጥቅል። መሀል ላይ የሆነ ነገር ቢበላሽ ጥፋቱ የዛሬ ይሁን የሰሞኑ በምን ታውቂዋለሽ?

አሁን የሚያስፈልግሽ በአንድ ማታ ደጋግማ ወድቃ ደጋግማ የምትነሳ ትንሽ ሲስተም ናት። ሁለት ነገር ይበቃታል፤ የሊኑክስ ከርነልና ቢዚቦክስ። ቢዚቦክስን ብሩስ ፔሬንስ በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፈው ለዴቢያን መጫኛ ነበር፣ ሁሉም ነገር አንድ ፍሎፒ ላይ እንዲገባለት ብሎ። ዛሬ ከ300 በላይ ትእዛዞችን፣ ሼሉን ጨምሮ፣ በአንድ ፋይል ይዟል፤ ሶርሱ ታሽጎ ሦስት ሜጋባይት አይሞላም። ከርነሉ ግን ታሽጎ ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ሲፈታም ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል። ከወልድያ ከግቢ በፍላሽ ማምጣትሽ ደግ አደረግሽ፣ እዚህ በሞባይል ዳታ አይሞከርም። የሻ-256 ድምሩን አረጋግጠሻል ግን? ፍላሽ አይታመንም።

ለጓደኞችሽ «ሁሉንም ከሶርስ ነው የሠራሁት» እያልሽ ስታወሪ ደግሞ ቀስ በይ። ኮምፓይለርሽ በሌላ ኮምፓይለር የተሠራ ነው፣ ያም በሌላ። እንደ እማዬ እርሾ ነው፤ የትናንቱ ቡሆ የዛሬውን ያቦካል፣ አንዴ ክፉ ነገር ከገባበት ከቡሆ ወደ ቡሆ ይተላለፋል። ኬን ቶምፕሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ይህንኑ አሳይቷል፤ ኮምፓይለር ውስጥ የተደበቀ ተንኮል ሶርሱን ብታነቢ ብታነቢ አይገኝም። ዛሬ አያስጨንቅሽ። ኡቡንቱሽ ላይ ባለው ጂሲሲ ሥሪ።

ወደ ከርነሉ እንሂድ። ሜክ ዴፍኮንፊግ ካልሽ የማትፈልጊው ድራይቨር ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣና ላፕቶፑ ሲግል ያመሻል። ሜክ ታይኒኮንፊግ በይ። እሱ ሊጠፋ የሚችለውን ሁሉ ያጠፋልሻል፤ አንቺ አንድ በአንድ ታበሪያለሽ፦ 64 ቢቱን፣ ኢኒትራምኤፍኤስን፣ ፕሪንትኬን፣ ቲቲዋይን፣ የሲሪያል ወደቡንና በእሱ ላይ ኮንሶሉን፣ የኢኤልኤፍ ፋይል ማስኬጃውን፣ የስክሪፕት ማስኬጃውን፣ ፕሮክን፣ ዴቭቲኤምፒኤፍኤስን። ፕሪንትኬን የረሳሽው እንደሆነ ከርነሉ ይነሳል ግን አይናገርም፤ አንቺ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠሽ ሞቷል ትያለሽ። ሆን ብለሽ አንዴ አጥፍተሽ እዪው። እያንዳንዷን ነገር በጉድለቷ ካላየሻት ለምን እንዳበራሻት አታስታውሺም። የታይኒኮንፊግ ጥቅሙም ይኸው ነው፣ እንደገና መሥራት ደቂቃዎች ብቻ ስለሚፈጅ ማጥፋትና ማብራት አያስፈራሽም።

ቢዚቦክስን ስታቲክ አድርገሽ ሥሪው። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ስታቲክ ካልሆነ ከርነሉ ኢኒትን፣ መጀመሪያ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ ማስኬድ አቃተኝ፣ ኤረር -2 ይልሻል። -2 ማለት ፋይሉ የለም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ኢኒትን ቦታው ላይ ተቀምጦ ታዪዋለሽ፣ ከርነሉ ዓይኑ ጠፋ እንዴ ትያለሽ። የጠፋው ኢኒት አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሚጭነው ሎደር ነው የሌለው። የኢኒት ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ ጽፈሽው ከሆነም ያው -2 ይመጣል፤ በመስመሩ ጫፍ የማይታይ ቁምፊ ስለሚያስገባ ከርነሉ ጅራት የበቀለለት ሼል ይፈልጋል። -13 ከሆነ የማስኬድ ፈቃድ አልሰጠሽውም። -8 ከሆነ የኢኤልኤፍ ወይም የስክሪፕት ማስኬጃውን አላበራሽም። ሩት ፋይል ሲስተሙን መጫን አልቻልኩም ካለሽ ግን ኢኒት ጋ ጨርሶ አልደረሰም፤ የኢኒትራምኤፍኤሱን ጥቅል፣ ሲፒአይኦውን፣ በኒውሲ ፎርማት ማሸግሽን እዪ። ጓደኞችሽ ጋ ከመደወልሽ በፊት ቁጥሩን አንብቢ፣ ግማሹን መልስ እሱ ይሰጥሻል።

በቨርቹዋል ማሽኑ በኪውኢሙ ስትነሳልሽ ሼሉ ላይ ኤግዚት በያት እስኪ። ከርነሉ ፓኒክ ይላል! አብሽሪ፣ አላበላሸሽም። ሂደት ቁጥር 1 ከሞተ የሚቀጥል ነገር የለም፤ ኡቡንቱ ላይ ይህን የማታዪው ሲስተምዲ ከኋላ ሆኖ ስለሚሸከምልሽ ነው።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል መጣ። ኢኒትሽ ውስጥ በኤኮ «ሰላም ዋጃ» ብለሽ ጻፊ። በሲሪያል ኮንሶል ከከፈትሻት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሚስለው ግን ቢዚቦክስ አይደለም፣ እሱ ባይቱን ያሳልፋል፣ ፊደሉን የሚያሳየው የኡቡንቱሽ ተርሚናል ነው። ቀጥለሽ፣ ከማሸግሽ በፊት፣ ስሙ በአማርኛ የሆነ ፋይል ጨምሪባትና ውስጥ ገብተሽ ኤልኤስ በይ። አየሽ? የጥያቄ ምልክት ብቻ።

ቢዚቦክስ ሜኑኮንፊግ ውስጥ የዩኒኮድ ገደብ የሚወስን ቁጥር አለ። ካልነካሽው 767 ነው። ከ767 በላይ ያለ ቁምፊ ሁሉ እንደማይታይ ይቆጠርና ቁጥሩ 63 በሆነው ቁምፊ ይተካል፤ 63 ደግሞ የጥያቄ ምልክት ነው። እስከ 767 ያለው በአብዛኛው ላቲንና ዘመዶቹ ናቸው። የእኛ ሀ ቁጥሯ 4608 ነው። የእርዳታ ጽሑፉን ክፈቺው፣ ከምክንያቶቹ አንዱን በግልጽ ይነግርሻል፤ 767 ላይ ከቆመ ኮዱ 700 ባይት ገደማ ይቀንሳል። 700 ባይት! ቀጥሎ የቀረበልሽ አማራጭ 4351 ሲሆን እሱም ሀ ጋ ሊደርስ 257 ሲቀረው ይቆማል። 12799 አድርጊው፣ ወይም 0፤ 0 ገደብ የለም ማለት ነው። ክፋት የለበትም፣ ቢዚቦክስ ከፍሎፒ ዘመን ጀምሮ ባይት ይቆጥራል፤ ፊደላችን ግን በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0 ዕትም ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ተዘጋጅቶ የመጣውን የሚጭን ሰው ይህን ቁጥር በዓይኑ አያየውም። አንቺ ከሶርስ ስለሠራሽ እጅሽ ላይ ነው።

መንካት ፈራሽ? በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላሉ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ሞቶሮላ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ካሜራው እንዳይሠራ ሆኖ ነበር የተሰጣቸው፤ የድርጅቱ ሰዎች እንደተናገሩት ልጆቹ በወራት ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። አንድሮይድም ከሥሩ ይኸው ሊኑክስ ከርነል ነው። አንቺ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ፣ አንዲት ቁጥር ትፈሪያለሽ?

ከኪውኢሙ ወጥተሽ በእውነተኛው ስክሪን ስታስነሻት ሌላ ገደብ ይጠብቅሻል፤ የሊኑክስ ኮንሶል ፎንት 512 ቅርጽ ብቻ ነው የሚይዘው። ያኔ በ3.0 የገቡት የእኛ ቁምፊዎች 345 ናቸው፣ ስለዚህ ከላቲኑ ጋር ይገባሉ። ፎንቱን መሥራት ግን ለክረምት ይቆይሽ። መጽሐፉንም ያኔ ትከፍቺዋለሽ፤ ጂሊብሲን ስትሠሪ የአማርኛውን ሎኬል ፋይል ከፍተሽ እዪ፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም ተጽፎበታል።

ስለ ማሽኑ ደግሞ። በዚህ በቆላው ቀትር ኮምፓይል አታድርጊ፣ ሲግል ራሱን ያቀዘቅዝ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንቺ ደግሞ ኮዱ የከበደ ይመስልሻል። ንጋት ላይ ሥሪ። አልጋ ላይም አታስቀምጪው፣ ብርድ ልብሱ የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። ባትሪው ደክሞ መብራት መሀል ላይ ቢሄድብሽ ሜክ ከተወበት ይቀጥላል፤ መጀመሪያ ግን መጠናቸው ዜሮ የሆኑ የኦብጀክት ፋይሎች ካሉ ፈልገሽ አጥፊ። ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሆነ ሰዓቱንም እዪ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሜክ ደግሞ የቱ ፋይል አዲስ እንደሆነ የሚያውቀው በሰዓት ነው፤ «ክሎክ ስኪው» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽ ሰዓቱን አስተካክለሽ ሜክ ክሊን ብለሽ እንደገና ጀምሪ።

ፍላሽ ላይ ለማስነሳት ግራብ አያስፈልግሽም። ይህ ላፕቶፕ ዩኢኤፍአይ አለው፤ የከርነሉን ኢኤፍአይ ስተብ አብሪ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን ከርነሉ ውስጥ ክተቺ፣ ሴኪውር ቡቱን አጥፊ። ስክሪኑንና ኪቦርዱን የሚያሠሩትንም ድራይቨሮች አብሪ፣ ኪውኢሙ ውስጥ በሲሪያል ስለሠራሽ አልጎደለሽም ነበር። ከዚያ ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት ታደርጊያለሽ። እዚህ ጋ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ኤስዲኤ የላፕቶፑ ዲስክ ነው፣ የወንድማችን የሰርግ ቪዲዮም የአባባም ፎቶ እዚያ ላይ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለንም። መጀመሪያ ኤልኤስቢኤልኬ በይ፣ መጠኑ የፍላሹን ያህል የሆነውን ፈልጊ፣ ትእዛዙን ጻፊና ጥሪኝ። እኔ ሳላየው ኢንተር እንዳትጫኚ።