ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትና ጊዜ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይገባል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ?

በቅድሚያ ርቀቱን እናስላ። ምድር ሉል በመሆኗ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ማዕከሉ ከምድር ማዕከል ጋር የሚገጥም ክብ ቅስት ነው። ቦሌና ዳለስ ኤርፖርቶችን ከምድር ማዕከል ጋር የሚያገናኙት መስመሮች 104 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይፈጥራሉ። እያንዳንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ርቀቱ 11,565 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብንበር 12.9 ሰዓት ይፈጃል። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ ነፋሱ በአመዛኙ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ጉዞው ሲሄዱ 14.5፣ ሲመለሱ 11.6 ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ ነፋስ ከሌለበት ጉዞ በ20 ደቂቃ ያህል እንደሚበልጥ እናስተውል፤ በመሄድ የባከነው ጊዜ በመመለስ ሙሉ በሙሉ አይካካስም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ በመገኘቱ የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በሳሳ አየር ክንፉ የሚያገኘው ሽቅብ ግፊትና የሞተሩ ጉልበት ስለሚቀንሱ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይሳነዋል። ለባሕር ወለል ቅርብ ከሆነው ዳለስ ሲነሳ ግን ይህ ችግር የለበትም።

መልመጃ፦ ነፋሱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን የደርሶ መልስ ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል?