የአለት ዕድሜ በምን ይታወቃል?

የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ተገኘ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው ዕድሜው ከራሱ ከአጥንቱ የታወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የካርቦን መለኪያ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አያገለግልም። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ምስክሩ አለት ነው። ይህንን ለማስረዳት የመረጥሁት ምሳሌ ከእኛ ከሀዋሳ ብዙ ያልራቀውን የሻላን እሳተ ገሞራ የሚመለከት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን በታችኛው የኦሞ ሸለቆ፥ በኪቢሽ አጠገብ፥ የሰው አጥንት አገኘ፤ ኦሞ አንድ ተብሎም ተሰየመ። አጥንቱ የነበረው በደለል ውስጥ ነው። ደለል ከልዩ ልዩ ስፍራ በውኃ ተጠርጎ ስለሚከማች የአሸዋው ዕድሜ የአጥንቱን ዕድሜ አይናገርም። ስለዚህ ሊቃውንት በንብርብሩ መካከል የወደቀውን የእሳተ ገሞራ አመድ ይፈልጋሉ። ንብርብሩ ካልተገለበጠ የታችኛው ከላይኛው ይቀድማልና።

አመዱ በዕድሜ የሚለካው እንዲህ ነው። በአለቱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባል ብልጭ ብልጭ የሚል ክሪስታል አለ፤ በእርሱም ውስጥ ፖታሲየም ይገኛል። ፖታሲየም 40 የተባለው ዐይነት ቀስ በቀስ እየተለወጠ፥ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ 1,250 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። እንግዲህ የተጠራቀመውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ያነጻጸረ ሰው፥ እሳተ ገሞራው የፈነዳበትን ዘመን ያውቃል።

የኦሞ አንድ ዕድሜ በመጀመሪያ 130,000 ዓመት፥ በ2005 በወጣው ጥናት ደግሞ 195,000 ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈው ወፍራም አመድ አልተለካም ነበር። ምክንያቱም አመዱ እጅግ የላመ ስለ ሆነ ለመለኪያ የሚበቃ ክሪስታል አልተገኘበትም።

በዚህ ጊዜ የአለቱ ቅንብር ረዳ። ሴሊን ቪዳል፥ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው በአመዱ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ መሰል ቅንጣት መረመሩ። የንጥረ ነገሮቹ መጠን ለእያንዳንዱ ፍንዳታ እንደ ጣት አሻራ ነው። ያ አሻራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ አለት ጋር ገጠመ። በሻላ አጠገብ የወደቀው ግን ሻካራ ስለ ሆነ ክሪስታል ነበረው። ተለክቶም 233,000 ዓመት ሆነ፤ ከዚህ 22,000 ዓመት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል ይችላል። ውጤቱም በ2022 ታተመ። አመዱ ከአጥንቱ በላይ ስለ ሆነ ሰውየው ከአመዱ ይበልጥ ጥንታዊ ነው።

ስለዚህ ቅንብር የአለቱን አገር፥ ክሪስታል ዘመኑን፥ ንብርብር ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይነግረናል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ አይሟላም።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ፥ በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ነው። በገደል ወይም ድንጋይ በሚወጣበት ጉድጓድ አጥንት የመሰለ ነገር ብታዩ ነቅላችሁ አትውሰዱ፤ ስፍራውን ምልክት አድርጋችሁ ለመምህራችሁ አስታውቁ። ከንብርብሩ የተነቀለ አጥንት አጥንትነቱ ባይቀርም ዕድሜውን የሚመሰክርለት ያጣልና።