«ጣልያን የወጣበት ዓመት» በየትኛው ዓምድ ይግባ?

ዳታቤዝ የኮምፒውተር ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ በክርያት ቢያሊክ የምንኖር የሶሻል ሥራ ተማሪዎች የሰፈራችንን አረጋውያን ታሪክ የምንመዘግብበት ሠንጠረዥ ሲጀመር ሦስት ዓምዶች ነበሩት፤ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የትውልድ ቀን። ብዙም ሳይቆይ አልበቃንም። የተጻፈው ሳይጠፋ ዓምዶቹ እንዴት ይለወጣሉ?

ይህ ጥያቄ ለወላጆቻችን አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲገባ፣ የእስራኤል መዝገብ የሚጠይቀው ስምና የቤተሰብ ስም ነበር። በብዙ ቤት የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። በተለያየ ጊዜ የመጡ ወንድማማቾች የተለያየ የቤተሰብ ስም የያዙበት ቤትም አለ። ሦስት ስም በሁለት ሣጥን ሲገባ ለቀሪው ቦታ የለውም፤ ማንም ሳይሰርዘው ይጠፋል።

በቀን ላይ ነገሩ ይብሳል። አንዲት እናት «በ1945 ተወለድኩ» ቢሉን፣ ያ ዓመት በፈረንጆች ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1952 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1953 ድረስ ነው። ዓምዱ አንድ ቀን ብቻ የሚቀበል ከሆነ መዝጋቢው ቀን መፍጠር ይኖርበታል። በቴዑዳት ዜሁት ላይ በቀንና በወር ቦታ 00 የተጻፈላቸው ሰዎች አሉ፤ እንደኛ አስተያየት እሱ ከተፈጠረ ቀን ይሻላል፣ አለመታወቁን አይደብቅምና።

«ጣልያን የወጣበት ዓመት» የሚሉም አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ያለው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ግን ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ተናጋሪው የጎንደር ሰው ከሆኑ የትኛውን ማለታቸው ነው? ወዲያው «1941» ብለን ብንጽፍ ይህን ጥያቄ ነገ የሚጠይቅ አይኖርም። ዕድሜ ደግሞ እንጀራ ነው፤ ለወንድ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። ዕድሜን በፍርድ ቤት ለማስወሰን የሚያስችል ሕግ በእስራኤል ከ1963 ጀምሮ አለ፤ እዚያ ሲደረስ ሰውየው መጀመሪያ የተናገሩት ቃል ዋጋ አለው።

ስለዚህ አሮጌውን ዓምድ አንነካም። መጀመሪያ የሠንጠረዡን ቅጂ እንወስዳለን፤ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ካልታየ ቅጂ አለን አንበል። ከዚያ ከአሮጌዎቹ ጎን አዳዲስ ዓምዶች እንጨምራለን፦ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ በቴዑዳት ዜሁት ያለው ስም፣ ስለ ልደት የተነገረው ቃል እንዳለ፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ «ከ» እና «እስከ»። አዲስ የምናነጋግራቸውን ሰዎች ዝውውሩ እስኪያልቅ በአሮጌውም በአዲሱም እንጽፋለን።

ነባሩን ስም ፕሮግራም በክፍት ቦታ እንዲከፋፍለው መተው ያጓጓል። ግን «ጥሩ ወርቅ» ተብሎ የተጻፈን የአንዲት ሴት ስም ሲያገኝ ወርቅን አባቷ ያደርገዋል። ይህን ሰው ማየት አለበት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

የረድፎቹ ቁጥር ከዝውውሩ በፊትና በኋላ እኩል መሆኑ መታየት አለበት፤ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ባዶ ረድፍም ይቆጠራልና። የሚሻለው ፈተና ከአዲሶቹ ዓምዶች አሮጌውን መልሶ መሥራት ነው። መልሶ የማይሠራ ረድፍ ካለ፣ የሆነ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ነው አሮጌው ዓምድ የሚወጣው። የተነገረው ቃል ያለበት ዓምድ ግን መቼም አይወጣም።

አንድ ነገር ቀርቷል፦ ረድፉ የሚታወቀው በስም አይሁን፤ ስም በዚህ አገር እንደሚለወጥ እናውቃለን። የመታወቂያ ቁጥርም አይሁን፤ ሠንጠረዡ ከእጃችን ቢወጣ ሰዎቹን ይጎዳል። እኛ ራሳችን ከ1 ጀምረን የምንሰጠው ተራ ቁጥር ይበቃል፤ የሞተ ሰው ቁጥርም ለሌላ አይሰጥም።