የባዮጋዝ እንጀራ ምድጃ፦ አሠራሩ፣ የጋዝ ስሌቱና አጠቃቀሙ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በሐይቅና በአምባሰል ገጠር የባዮጋዝ ማብላያ ያለው ቤት ሲጎበኝ ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። በአንድ ጥግ ወጥና ቡና በሰማያዊ ነበልባል ይፈላል፤ በሌላው ጥግ ምጣዱ እንደ ጥንቱ በጉልቻ ላይ ተጥዶ እንጨትና ኩበት ይነድበታል። ለእንጀራ የሚነደው ኩበት ደግሞ ማብላያው ሊበላው ይገባ የነበረው እበት ነው። እበቱ ለሁለት ሲከፈል ማብላያው ይራባል፣ ጋዙ ይቀንሳል፣ ቆይቶም ወጡ ራሱ ወደ እንጨት ይመለሳል። ጉልላቱ ግን የባለቤቱን ገንዘብና ጉልበት ይዞ ከመሬት በታች ባዶውን ይቀመጣል።

ለዚህ እኛ ባለሙያዎችም ድርሻ አለን። ገበሬውን «ጋዝ ካስገባህ እንጨት ይቀራል» ብለን ስንቀሰቅስ እንጀራን ሳንቆጥር ነበር። እንደሚታወቀው ግን ከገጠር ቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው።

ባዮጋዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ በአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት የተሠራው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር ከኔፓል የተወሰደውና «ስንዱ» የተባለው ባለ ጉልላት ማብላያ በአማራ ክልልም ተሠራጨ። ከማብላያው ጋር የሚሰጠው ምድጃ ግን ለድስትና ለጀበና የሚበቃ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የሙቀት ሥርጭት፣ ሌላው የጋዝ መጠን ነው።

የሙቀት ሥርጭት

የምጣድ ስፋት ወደ 58 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ሸክላ ሙቀትን ወደ ጎን ቶሎ አያሻግርም። ስለዚህ የድስት ምድጃ ከምጣድ ሥር ቢደረግ መሐሉ ያርራል፣ ጠርዙ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። በምጣዱ መሐል ላይ የምጣዱን ስፋት እኩሌታ ያህል፣ ማለትም 29 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ብናሰምር፣ ከጠቅላላው ገጽ የሚይዘው ሩቡን ብቻ ነው። ሦስት እጁ ገጽ ከክቡ ውጪ ነው። ስለሆነም ሦስት እጁ እሳትም በዙሪያው መሆን ይገባዋል።

የጋዝ መጠን

አንድ እንጀራ ለማብሰል፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የሚጠጋውን ሊጥ አሙቆ ከ100 ግራም ያላነሰ ውሃ ለማትነን፣ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ምጣዱን ራሱን ለማጋል ደግሞ 0.4 ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ 20 እንጀራ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው።

1000 ሊትር ባዮጋዝ በባሕር ወለል ላይ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሐይቅ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩም ጋዙም ስስ ነው፤ ሙቀቱም አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። 5 ብለን እንያዝ። ምድጃው ዙሪያው ክፍት ሆኖ የጋዙ ሙቀት ሩቡ ብቻ ምጣዱ ላይ ቢደርስ፣ 20 እንጀራ 1900 ሊትር ይበላል። ምድጃው ታጥሮ ከአምስት እጅ ሁለቱ ቢደርስ 1200 ሊትር ይበቃዋል።

አሁን ጎተራውን እንመልከት። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት በደህና ሙቀት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። አራት ከብት አስሮ የሚቀልብ ቤት በቀን 40 ኪሎ ቢያገኝ ቢበዛ 1600 ሊትር ያመርታል። ጉልላቱ የሚያጠራቅመው ደግሞ የቀኑን ምርት ሁሉ ሳይሆን ስድሳ በመቶ ገደማውን፣ ማለትም 950 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ በጥሩ ምድጃ እንኳ 20 እንጀራ በአንድ ጊዜ አይወጣም። 15 እንጀራ ግን 950 ሊትር ስለሚፈልግ ልክ ይገጥማል። ከብቱ ሜዳ ውሎ የሚገባ ከሆነ ወይም ቤቱ በአምባሰል ደጋ ብርድ ላይ ከሆነ ከዚህም ይቀነስ።

ባለ ሠላሳውን እንጀራ ጋገራ ለለመደች እመቤት ይህ ከባድ ለውጥ ነው። በየሁለት ቀኑ 15 መጋገር ይኖርባታል፤ ምጣድ ማጋሉም እየተደጋገመ ጋዝ ይወስዳል። የልማት ሠራተኛው ይህን አስቀድሞ ለባልም ለሚስትም በግልጽ መንገር አለበት።

የምድጃው አሠራር

ማቃጠያው ከሁለት የብረት ቧንቧ ቀለበቶች ይሠራል፤ የውስጠኛው ስፋት 18፣ የውጭው 42 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲግል መርዛማ ጢስ ስለሚያወጣ ጥቁር ቧንቧ ይመረጥ። በቀለበቶቹ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ቀዳዳዎች ይበሱ፤ ከአራቱ ሦስቱ እጅ በውጭው ቀለበት ላይ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱ ጋዝ መተኮሻ፣ የራሱ አየር ማስገቢያና የራሱ መዝጊያ ያስፈልገዋል። አንዱ ሲበረታ ሌላውን ማብረድ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ምጣዱ ከቀዳዳዎቹ በላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥና በሙከራ ይስተካከል። ሰማያዊው የነበልባል ጫፍ ሸክላውን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ልክ ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ምጣዱን ጥላሸት ካለበሰው አየር አንሶታል፤ ከቀዳዳው ተነሥቶ እየተንሳፈፈ የሚጠፋ ከሆነ አየር ወይም ግፊት በዝቶበታል። የባዮጋዝ ነበልባል ሰነፍ ስለሆነ ይህ ሁለተኛው ችግር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ለዙሪያው አጥር አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው የምርጥ ምድጃ አካል ይበቃል። የማገዶ መግቢያው ለአየር ጥቂት ክፍት ተትቶ ይደፈን፤ የጢሱ መውጫ ይቅር። ወለሉ ላይ አመድ ይነስነስበት። ሸክላው ስስ የሆነ ምጣድ ይመረጥ፤ አክምባሎውም ያለ ክፍተት የሚገጥም ይሁን።

15 እንጀራ በአንድ ሰዓት ለማውጣት ማቃጠያው በሰዓት 950 ሊትር መብላት አለበት። የድስቱ ምድጃ ግን 400 ሊትር ያህል ብቻ ይበላል። ለድስቱ የተዘረጋው ቀጭን ቧንቧ ለዚህ አይበቃም፤ ሰፋ ያለ ቧንቧ ይዘርጋ፣ ምድጃውም ለማብላያው ይቅረብ። በዝቅተኛው ቦታ የውሃ ማፍሰሻ ይኑር።

በጋገራ ቀን

ማታ ጋዙ ተዘግቶ ጠዋት ይጋገር። የጉልላቱ ግፊት መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ነው፤ ጋዙ እያለቀ ሲሄድ ይደክማል። ስለዚህ መዝጊያው በመጀመሪያ በከፊል፣ እየቆየ በሰፊው ይከፈት። ይህ ካልተደረገ የፊተኞቹ እንጀራዎች ያርራሉ፣ የመጨረሻዎቹም ዐይን አያወጡም። ክብሪቱ አስቀድሞ ይጫር፣ ጋዙ ከዚያ በኋላ ይከፈት። የገማ ዕንቁላል ሽታ ከተሰማ እሳት ሳይጫር በርና መስኮት ይከፈት፤ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና አረፋ ይፈተሹ።

ከአራት ከብት በታች ላለው ቤት ይህን ምድጃ አንመክርም። ምርጥ ምድጃ በእንጨት ቢጠቀም የጉልቻውን ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንስለታል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ባለ 10 ሜትር ኩብ ማብላያና በቂ ከብት ያለው ማኅበር ግን አንድ ምድጃ አቁሞ አባላቱ በተራ እንዲጋግሩበት ማድረግ ይችላል።

ምድጃው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚፈትነው ብየዳ ሠሪው ሳይሆን ጋጋሪዋ ናት። በጤፍ ብቻ ሳይሆን በማሽላ ሊጥም ትሞክረው። የልማት ሠራተኛው አጠገቧ ሆኖ የግፊት መለኪያውን ከጋገራው በፊትና በኋላ፣ ምጣዱ እስኪግል የወሰደውን ደቂቃ፣ የወጣውንና የተበላሸውን እንጀራ ቁጥር፣ የተበላሸውም ከመሐል ይሁን ከጠርዝ ይመዝግብ። ጠርዙ ሊጥ ከሆነ በውጭው ቀለበት ላይ ቀዳዳ ይጨመር፤ መሐሉ ካረረ የውስጠኛው መዝጊያ ይብረድ። ከሦስት ጋገራ በፊት ግን ብረቱን አትንኩ፤ አዲስ ምጣድ እስኪሟሽና እስኪለምድ ድረስ እንጀራው ይጣበቃልና ጥፋቱ የምድጃው ላይሆን ይችላል።